ግማሽ ጢሙን የተላጨው ደንበኛ

ለምወድሽ ልጄ፣ ባለሽበት ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ተጠግኗል፣ ታናሽ እህትሽም ሥራ ይዛለች።

አባትሽ ግን ጉድ አደረገን። ያ ያልበሰለ ሥጋ ያመጣበት ተቅማጥ ከለቀቀው ወራት አልፈዋል፤ «ድኛለሁ» ይል ነበር። ባለፈው ሳምንት ፀጉር ቤቱ ውስጥ የአንዱን ደንበኛ ጢም ግማሹን ላጭቶ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠ። ሰውየው ቢጠብቅ ቢጠብቅ ሲቀርበት፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ እኔን ሊጠራ ቤት ድረስ መጣ። እየሳቅኩ ሄድኩ። አባትሽን ሳየው ሳቄ ጠፋ፤ ከሸሚዙ ሥር ክስት ብሏል፣ ለካ ሆዱ ከሥራው እንዳያስነሳው ብሎ ምሳ መብላት ትቷል።

ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ተቅማጡን ያመጣው ባክቴሪያ አሁን የለም አለች። ግን አንዳንድ ሰው ላይ ተህዋሲያኑ ከሄዱም በኋላ አንጀቱ እንደተቆጣ ይቀራል፣ ለወራት፣ ለዓመታትም ሊቆይ ይችላል አለችን። ሕክምና ጀምሮ ትንሽ ተሽሎታል።

አንቺም አንድ ጊዜ በምግብ ተመርዘሽ ተኝተሽ ነበር። «አለፈ እማዬ» አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ግን በቪዲዮ ስንነጋገር «መጣሁ» ብለሽ ትነሺያለሽ፣ እኔም ባዶ ግድግዳሽን እያየሁ እቆያለሁ። የአባትሽ ልጅ ነሽና አላምንሽም።

እባክሽ የኔ እናት፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ዕድሜሽን ያርዝመው። ግድግዳሽ በቃኝ፤ አንቺን ልይ።

እናትሽ