የሊድያ ወንበር

መርየም፣

ስትመለሺ አታገኚኝም። ኮምቦልቻ፣ ከምሠራበት ፋብሪካ አጠገብ ቤት ተከራይቻለሁ። ነገ ውኃ ይመጣል፤ በርሜሉን ሙዪው።

ሦስታችን ሆጤ ሰፈርን የመረጥነው ከበር እንደወጣን ታክሲ ስለምናገኝ ነበር። አሁን በየጠዋቱ ረዳቱ «ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው!» ብሎ ሲጣራ፣ ሊድያ ከጓዳ «መጣሁ!» ስትል እሰማታለሁ። ዛሬም ሰማኋት።

የሞተች ዕለት ቀድማኝ ገባች ያልኩሽ ውሸት ነው። ወንበሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሻይ አማረኝና ወርጄ፣ «አንቺ ግቢ፣ እኔ በሚቀጥለው እመጣለሁ» አልኳት። ሚኒባሱ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ።

አፉ በይኝ።

እናቷ እሁድ ከሐርቡ መጥተው ልብሷን ይወስዳሉ። አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከትቼዋለሁ። እውነቱን አንቺ ንገሪያቸው። እኔ ልነግራቸው ሁለቴ ቤታቸው ሄጄ፣ «ልጄ፣ እንኳን አንቺ ተረፍሽልኝ» ብለው ሲያቅፉኝ ሳልነግራቸው ተመለስኩ።

ሔርሜላ