ስለ ሃያ አራት ካራት ውሃ እና ከቤታችን በጆንያ ስለ ወጣው «መርዝ»

ለክቡር አቶ ሰራዊት አበጋዝ
የ«ጥሩ ምንጭ» የተፈጥሮ ፈውስ ቤት መሥራችና የበላይ መሪ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ፤ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የደም ግፊትዎም ከባለቤቴ የተሻለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የኬሚስትሪ መምህርና የወይዘሮ ስርጉት ባል ነኝ። የመጀመሪያው ማዕረግ በእርስዎ ቤት ዋጋ እንደሌለው፣ ሁለተኛውም በራሴ ቤት እየረከሰ መምጣቱን ስለተረዳሁ ቅሬታዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፤ ብር የተባለውን ማዕድን በባትሪ እያሟሙ ለአባላትዎ የሚያጠጡት ውሃ ጥንካሬው ምን ያህል እንደሆነ በአዳራሽዎ ተነሥቼ በትሕትና ስጠይቅ፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስተው «ሃያ አራት ካራት ነው» በማለት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ወርቅ በሚሸጥበት ከተማ ካራት የማያውቅ ስለሌለ አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ፤ ባለቤቴም ከሁሉ ቀድማ። ውሃው በእርግጥ ሃያ አራት ካራት፣ ማለትም ጥርት ያለ ወርቅ፣ ቢሆን ኖሮ አንዲት ጠብታ ውሃ አይገኝበትም ነበር፤ ጀሪካኑን ለመጫንም እስከ ባምባሲ ድረስ ያለውን አህያ መሰብሰብ ባስፈለገን። ዳኛ ይሁነኝ ብዬ ከውሃው አንድ ጠርሙስ ለጎረቤቴ ለወርቅ ነጋዴው ለዓብዱልላጢፍ ባሳየው፣ ጠርሙሱን አገላብጦ «መምህር፣ ወርቅ ቢሆን በድንጋይ ፈትጌ እነግርሃለሁ፤ ውሃ በምን ይፈተጋል? ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ ከኔ የበለጠ ነጋዴ ነው» ሲል አድናቆቱን ገልጾልዎታል።

ሁለተኛ፤ «የቤት ውስጥ መርዝ አሳሽ» የተባለው ቡድንዎ ጆንያ ይዞ መጥቶ ሳሙናችንን፣ በረኪናችንን፣ የአልሙኒየም ድስታችንን ከሰበሰበ በኋላ፣ መድኃኒት ነክቶታል በማለት አጎበሩን ከአልጋችን ላይ ፈትቶ ወስዷል። የአሶሳ ትንኞች በዚህ የዝናብ መውጫ የተሰማቸውን ደስታ መግለጽ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ምስጋናቸውን ብቻ አደርሳለሁ። የቡድኑ መሪ ሳሊማ ስትወጣ «አይዞዎት መምህር፣ ቤትዎ ገና አሁን መተንፈስ ጀመረ» ብላ አጽናንታኛለች። ቤቱ ይተነፍሳል፤ እኛ እናካለን።

ሦስተኛውን ከሁለተኛው የለየሁት ስለማልቀልድበት ነው። በዚያው ጆንያ ውስጥ ባለቤቴ በየቀኑ የምትውጠው የደም ግፊት ክኒንም አብሮ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ራሷን ያዞራታል፤ እርስዎም ማዞሩ መርዙ ሲወጣ የሚሰማ ነው ብለዋታል። ጤና ጣቢያ ወስጄ ሳስለካት ነርሷ ቁጥሩን ደግማ አየችው፤ ከዚያም ወንበር አመጣች፤ ወንበሩን ለእኔ ነበር ያመጣችው። ወዲያው አዲስ ክኒን ገዛሁ። ባለቤቴ ግን «አቶ ሰራዊት ሳይፈቅዱ መርዝ ወደ አፌ አላስገባም፤ አንተ የምታውቀው ኬሚስትሪ ብቻ ነው» ብላኛለች።

አራተኛ፤ ስለ መርዝ ካነሳን አይቀር፣ ከአዳራሽዎ ጀርባ ወንድምዎ ወርቅ ለማንጠር ባዜቃ፣ ያንን ሜርኩሪ የሚባለውን እውነተኛ መርዝ፣ በከሰል ላይ ያነድዳል። ጭሱ በመስኮት የሚገባው እርስዎ እናቶችን «በረጅሙ ወደ ውስጥ ሳቡ» በሚሉበት ሰዓት መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ይሆናል። ያንን ጢስ ጠጥተው ሳሙና የሚፈሩበትን ድፍረት ከማድነቅ ውጪ ቃል የለኝም።

ሳሙናውን ይታጠቡበት፤ ድስቱንም ይቀቅሉበት። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ቤታችን ይምጡና ክኒኑን እንድትውጥ በራስዎ አንደበት ይንገሯት። እኔን ባያምኑኝም ግድ የለም፤ እሷ እርስዎን ታምናለች።

ዕውቀትዎ በሊትር የማይለካ፣ ኃላፊነትዎም በሚሊ ግራም የማይገኝ መሪያችን ሆነው እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ከትልቅ አክብሮት ጋር፣

የሻው እንድሪስ
ከአሶሳ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለባለቤቴ ባነብላት፣ ክኒኑ በእርስዎ ውሃ ውስጥ አድሮ መርዙ ከተሰበረለት ለመዋጥ ተስማምታለች፤ ዛሬ ጠዋትም ውጣለች። ግፊቷ ሲወርድ በመድረክዎ ላይ ወጥታ ስለ ውሃው ለመመስከር ከወዲሁ ቃል ስለገባች፣ እንኳን ደስ አለዎት።