ማንም የማይነካው የጋራ ገጽ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ወልቂጤ

የእንሰት አጠውልግ በሽታ መመሪያውን ከየወረዳው የእርሻ ባለሙያዎች ጋር በኢንተርኔት አብረን እንድንጽፍ የጋራ ገጽ ከከፈትኩ ወር ሊሆነው ነው። ሁሉም ገብቶ ያነባል፤ የሌላውን ጽሑፍ ግን የሚነካ የለም። የግብርና ቢሮአችን አንጋፋ ጋሽ ክንፈ "ቢላው በውኃ ከታጠበ ይበቃል" ብለው ጽፈዋል። በሽታውን ከእንሰት ወደ እንሰት የሚያዛምተው ግን ቢላው ነው፤ በእሳት ካልተለበለበ ዋጋ የለውም። ስህተቱን ሁሉም ለየብቻ እየመጣ ሹክ ብሎኛል። የአገና ከተማውን ባለሙያ "ታዲያ ለምን አላረምከውም?" ስለው፣ "አባቴ የሚሆን ሰው የጻፈውን እንዴት እሰርዛለሁ?" አለኝ። ተናደድኩ። እኔስ መቼ ነካሁት?

ዛሬ ጋሽ ክንፈን ኮምፒዩተሩ ፊት አስቀምጬ፣ መጀመሪያ የእኔን ስህተት እንዲያርሙ ለመንኳቸው። የችግኝ መትከያውን ወር ተሳስቼ ጽፌ ነበር። በአንድ ጣት ፊደል እየፈለጉ አስተካከሉት፤ ከጎኑም "ይቅርታ ልጄ" ብለው ጻፉበት።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ አብሮ ታትሞ ገበሬው እጅ ይገባል!" አልኳቸው።

ሳቁ። "እንግዲያው አንቺው አጥፊው።"

አጠፋሁት። ከእሳቸው ጽሑፍ መጀመሪያ የሰረዝኩት ይቅርታቸውን ሆነ። ነገ ስለ ቢላው የጻፉትን እሰርዛለሁ፣ እዚያው አጠገቤ ቁጭ ብለው እያዩ።