በምንይችል ደጅ የማሳልፋት ዝይ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ ወለላ ይድረስሽ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ክረምቱን ሙሉ ያስቸገረሽ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ይይዝሻል? የማዳምሽ ጠባይ ተሻለ? በደንብ ትበያለሽ? እንቅልፍስ ታገኛለሽ? እኛ ከእናታችን ጀምሮ እስከ ደጁ ውሻ ድረስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ያልተሻለን የአንቺ ናፍቆት ብቻ ነው። ስልክ እንዳልደውልልሽ ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ይጠፋል፤ ሲመጣም ኮላ ድባ ድረስ ሄዶ ሰው መሀል ቆሞ መጮህ ነው። የምነግርሽ ነገር ደግሞ እየተጮኸ የሚነገር አይደለም። የአያ ስማቸው ልጅ ሃና ወደ ቤሩት ስለምትመጣ በእሷ እጅ ሰደድኩልሽ። አባቷም በነገሩ ውስጥ ስላሉበት እንዳታነበው በደንብ አሽጌዋለሁ።

መጀመሪያ ክፉውን ልንገርሽ። ዳልቺት ሞተች። አንቺ ስትሄጂ ገና ጥጃ ነበረች፤ ጡጦ ይዘሽ ያሳደግሻት ላም ሁለተኛዋን ልትወልድ ከብዳ ነበር። የሞተችውም በበሽታ አይደለም። ከእርሻችን ቀጥሎ ያለው ምንይችል፣ እቴነሽን ያገባው፣ መርዝ አብልቶ ገደላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም ሊያልቅ ሲል የምንይችል ሽምብራ በቀለ። ዝዮቹም እንደ ልማዳቸው ከሐይቁ ዳር እየመጡ ቡቃያውን ይግጡበት ጀመር። ሲጮህባቸው፣ ድንጋይ ሲወረውርባቸው ሰነበተና አንድ ቀን ድንገት ዝም አለ። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ኩሬው ብወርድ ዝዮቹ ዳር ለዳር ተዘርረዋል። ዳልቺት ከመሀላቸው በጎኗ ወድቃ አፏ አረፋ ደፍቋል። ሣሩ ውስጥ ገብስ ተበትኗል፤ ሽታው የተባይ መርዝ ነው፣ አፍንጫ ይሰነፍጣል። እሪ ብዬ ሰው ልጠራ ሄጄ ስመለስ ገብሱ ተጠርጎ፣ አፈሩ ተገልብጦ ጠበቀኝ። መገልበጫው የማን ዶማ እንደሆነ እኔ አላጣሁትም።

ከሰስኩት። ሽማግሌዎቹ አያ ስማቸውን መሪ አድርገው ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ምንይችል ዓይኑን በጨው አጥቦ ቆመና መርዝ በእጁ ነክቶ እንደማያውቅ፣ ላሟም ሆዷን ነፍቷት ሞታ እንደሚሆን ተናገረ። ማል ሲሉት የቅዱስ ሚካኤልን ስም ጠርቶ ማለ። በእኛ ዘንድ የማለ ሰው ነፃ ነው፤ ይህን ታውቂያለሽ። የሰው ስም ያጠፋሁት እኔ ሆንኩና ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ እንድጠይቀው ተፈረደብኝ። ወለላ፣ እኔ እህትሽ፣ ላሜን በገደለብኝ ሰው ፊት አንገቴ ላይ ድንጋይ ጭኜ አጎነበስኩ። እሱም ቶሎ አላወረደልኝም። እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ መንደሩ አይቶኝ እስኪጠግብ አቆየኝና በመጨረሻ ይሁን፣ ይቅር ብያታለሁ አለ። ያን ቀን ቂሜን ቋጠርኩ። ያ ድንጋይ በእሱ ጫንቃ ላይ ሲወጣ ሳላይ አልሞትም ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ከዚያ በፊት፣ ዳልቺት በሞተችበት ቀን፣ ኩሬው ዳር ካለው ፊላ ውስጥ አንዲት የዝይ ጫጩት ስትጮህ ሰምቼ በነጠላዬ ጠቅልዬ አምጥቻት ነበር። እናቷ ክንፏን እንደዘረጋች በላይዋ ነው የሞተችው። ልጄ ፍሬ «ተረፈች» ብላ ስም አወጣችላት። እኔ ዶሮ እንጂ ዝይ አሳድጌ አላውቅም። መጀመሪያ ከታቀፈችው ዶሮ ሥር ብከታት ዶሮዋ ጭንቅላቷን ወግታ አባረረቻት። ቅርጫት ውስጥ የተባዘተ ጥጥ አንጥፌ ምድጃው አጠገብ አኖርኳት። ፍትፍት ሰጠኋት፣ እምቢ። ገንፎ አቅጥኜ ሰጠኋት፣ እምቢ። ሁለት ቀን ስትጮህ ዋለች። መላውን ያገኘችው እናታችን ናት። እነዚህ የሰው ቡቃያ ሲግጡ እያየሽ ገንፎ ትሰጫታለሽ ወይ ብላ ተቆጥታኝ፣ ከሜዳው ለምለም ሣር፣ ማገጥ ለቅማ በጥፍሯ እየቆራረጠች ውሃ ላይ በተነችላት። ተረፈችም ምንቃሯን ዘፈዘፈችና ለቃቅማ ጨረሰችው።

ከዚያ ደግሞ የውሃ ወፍ ናት ብዬ ኩሬ ውስጥ ለቀቅኳት። ልገድላት ነበር። ያ ለስላሳ ጠጉሯ ውሃውን ጠጥቶ ትሰምጥ ጀመር፤ እስከ ጉልበቴ ገብቼ አወጣኋት። እናት ያላት ጫጩት ለካ ከእናቷ ላባ በሚነካት ቅባት ነው ውሃ የማይዘልቃት። እስክትደርቅ ድረስ ደረቴ ውስጥ ከትቻት ግማሽ ቀን ሳልነሳ ተቀመጥኩ። ፋንታሁን ከእርሻ ሲመለስ እንደዚያ ሆኜ አገኘኝና እኔን እንዲህ አቅፈሽኝ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ቀለደብኝ። ከዚያ በኋላ ውሃ የማስነካት በገበቴ ሆነ፤ ጥቂት ትንቦጫረቅና አውጥቼ ፀሐይ ላይ አደርቃታለሁ። ጠዋት ማገጥ፣ ቀን ደግሞ በውሃ የራሰ የገብስ ክክ እሰጣታለሁ። ክኩን ከመስጠቴ በፊት ሁልጊዜ አሸተዋለሁ።

ደግ ሆኜ እንዳይመስልሽ። መጀመሪያ አሳዝናኝ ነበር፣ እውነት ነው። ድንጋዩን ከተሸከምኩ በኋላ ግን ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። እግሯ እንደጠና የትም ብሄድ ትከተለኝ ጀመር፤ ከኋላዬ አንድ ክንድ አትርቅም። ወደ ውሃው የሚያስኬደን መንገድ በታች በኩል እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔ ግን ዞሬ በላይ በኩል፣ በምንይችል ደጅ ማለፍ ጀመርኩ። ጠዋት አልፋለሁ፣ ከሰዓት አልፋለሁ። በገበያ ቀን አልፋለሁ። ደጁ ስደርስ እርምጃዬን ቀስ አደርጋለሁ፤ ተረፈችም ከኋላዬ እየጮኸች ትከተላለች። ሰው የዚች እናት የት ሄደች ብሎ ሲጠይቀኝ ምንይችልን ጠይቁት እላለሁ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨምርም። ስም ማጥፋት ምን እንደሚያስከፍል ጫንቃዬ ያውቀዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት አላየሁም ብሎ ፊቱን አዞረ። በሁለተኛው ድምጿን ሲሰማ በሩን መዝጋት ጀመረ። በሦስተኛው እቴነሽ ከቤት ስትወጣ አቀርቅራ መሄድ ጀመረች። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ኅዳር ሚካኤል ሲነግሥ ምንይችል ከሁሉ ፊት ሆኖ ሲያጨበጭብ አይቼ እኔም ተረፈችን ከቅጥሩ በር ላይ አቁሜ ጠበቅኩት። ሲወጣ አያትና በሌላው በር ሄደ። ፋንታሁን ተይው፣ ለእግዚአብሔር ስጭው ይለኛል። እግዚአብሔር ብዙ ሥራ አለበት፣ ምንይችልን ለእኔ ይተውልኝ አልኩት። እናታችን አማተበች።

ከሚካኤል በሳምንቱ የምንይችል ጤፍ በወንፈል ይታጨድ ነበር። አጫጆቹ ለምሳ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አያ ስማቸውም አሉበት። ለአዲሱ ጤፍ ቦታ ለማስለቀቅ ጎተራው ሥር የነበረውን ዕቃ ሁሉ አውጥተው አጥሩ ጥግ ደርድረውታል። እኔ እንደ ልማዴ ሳልፍ ተረፈች በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባች። አልጠራኋትም። ሄዳ ምሳቸው ላይ ብታቆሽሽባቸው ደስታዬ ነበር። እሷ ግን ወደ ዕቃው ሄደች። ከመሀል አንድ የተቀደደ ማዳበሪያ አለ፤ ገብስ ይፈስበታል። ምንቃሯን ስትሰድበት ምንይችል ጉርሻውን ከእጁ ጥሎ ተነሳ። ሮጦ አንገቷን ያዛት። ሊያንቃት መስሎኝ ጮህኩ። እሱ በጣቱ አፏን ፈልቅቆ ገብሱን እየጠረገ ያወጣል፤ «ተይ! ተይ! መርዝ ነው!» ይላል። ውሃ አምጡ ብሎ ጮኸና አፏን ደጋግሞ አጠበላት።

ከዚያ ሁሉም እጁን ከገበታው ላይ ሰበሰበ። አያ ስማቸው ቀስ ብለው ተነስተው ከማዳበሪያው ጥቂት ገብስ ዘግነው አሸተቱና መልሰው ደፉት። እቴነሽ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ምንይችል ተረፈችን እንደያዘ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ።

ወለላ፣ አፍሬ ነው የምነግርሽ፤ ደስ አላለኝም። ሁለት ወር ሙሉ የተመኘሁት ቀን ነበር። እኔ የፈለግሁት ክፋቱ እንዲያጋልጠው ነው፤ ያጋለጠው ግን ርኅራኄው ሆነ። ዝም ብሎ ምሳውን ቢበላ ማን ያውቅበት ነበር? ተረፈች ትሞታለች፣ እኔም ሌላ ሬሳ ታቅፌ ቤቴ እገባለሁ። ይህን ሳስብ ጭራሽ ደሜ ፈላ። ሰው ሁሉ እንዲህ የሚራራ ሰው እንዴት እንዲያ አደረገ እያለ ሊያዝንለት ነው፤ የእኔ ድንጋይ ሊረሳ ነው ብዬ ተንገበገብኩ። አልረሳውም ብዬ ተነሳሁ።

በእሑዱ ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። ምንይችል መርዙን መበተኑን፣ በሐሰት መማሉን አመነ። ለዝዮቹ ብሎ እንጂ ዳልቺት ታገኘዋለች ብሎ እንዳላሰበ ተናገረ፤ ይህን አምነዋለሁ፣ አላዘንኩለትም። ስለ ዳልቺት ጊደር እንዲሰጠኝ፣ ስለ መሐላውም ንስሐ እንዲገባ ተፈረደ። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ ሲሉ ድንጋዩን ራሴ ልምረጥ አልኩ። አያ ስማቸው ይህ ወግ አይደለም አሉኝ። እኔን በሐሰት ማሸከምስ ወግ ነው ወይ ብላቸው እንግዲያው ምረጪ አሉኝ። መረጥኩ። እኔ የተሸከምኩትን ሁለት እጥፍ ይሆናል።

ተሸክሞ ፊቴ አጎነበሰ። እኔም እጄን ወደኋላ አጣመርኩ። ፀሐዩ የዋርካውን ጥላ ገፍቶ እግሩ ላይ እስኪደርስ አቆየሁት። ሰው ማጉረምረም ጀመረ፣ ፋንታሁን ደጋግሞ ሳለ፣ እናታችን ቀሚሴን ጎተተችኝ። አልሰማሁም። ላቡ አፈሩ ላይ ሲንጠባጠብ እያየሁ አንጀቴ አልርስ አለኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ላቆየው ቆርጬ ነበር።

ያኔ ተረፈች መጣች። ቤት ዘግተንባት ነበር፤ እንዴት እንደወጣች አላውቅም። በሰው እግር መሀል ወዲህ ወዲያ እያለች መጥታ ከሥሩ ገባችና የሱሪውን ጫፍ ትጎትት ጀመር። ሰው ሳቀ። እኔ የማየው ጉልበቱን ነበር፤ ይንቀጠቀጣል። ያ ድንጋይ ቢያመልጠው የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው። ተረፈች ብዬ ጠራኋት፤ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሱሪው ተመለሰች። ተይ ነይ አልኳት። አልመጣችም። የእሱም እጅ ሲንሸራተት አየሁና «አውርዱለት!» ብዬ ጮህኩ።

እልልታው ቀለጠ። አያ ስማቸው ግንባሬን ሳሙኝ። ቄሱ በእኔ ይቅር ባይነት ስብከት ሰበኩ። ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለፋንታሁንም ጭምር። ለአንቺ ብቻ ነው የምጽፈው። ይቅር አላልኩትም። ጫጩቷ እንዳትሞትብኝ ፈርቼ ነው የጮህኩት። አሁን ግን መንደሩ ሁሉ የሸዋረግ ልብ ሸጋ ነው ይላል። በደጁ ሳልፍ ምንይችል ብድግ ብሎ እንዴት ዋልሽ ይለኛል፤ እቴነሽ ለተረፈች ማገጥ ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ትመጣለች። ይቅር ያለች ሴት ሆኛለሁና ጥርሴን ነክሼ ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። መንገዱን ልቀይር ብል ደግሞ ተረፈች ለምዳዋለች፤ ካላለፍን ትጮህብኛለች።

እናታችን ጉንጭሽን ደጋግማ ስማሻለች፤ ብርድ ልብስ ደርቢ ትልሻለች። ፋንታሁን ጊደሯን ስም አውጪላት ብሎሻል። ፍሬ የተረፈችን እግር በከሰል ሥላ በውስጡ ልካልሻለች። አያ ስማቸው የሃናን አደራ እንዳትረሺ ብለዋል። ለገና ሁላችንንም በሰላም ያድርሰን።

ምንይችልም ሰላም በይልኝ ብሎሻል። በአጥሩ ላይ ሆኖ ለወለላ የምትጽፊ ከሆነ አለኝ፤ ይቅር ያልኩት ሰው ስለሆነ እምቢ ማለት አልቻልኩም። እንደወደድሽ አድርጊው።

እህትሽ ሸዋረግ

ደምቢያ፣ ከኮላ ድባ በታች
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.