ድንጋይ ሰባሪቱ በገንዳው ውስጥ አበበች

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ቅባቱ ረዳዎት ወይስ አሁንም ደረጃ ሲወጡ ይንቋቋል? ዓይንዎስ? እማማስ የግፊቷን ኪኒን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ «ዛሬማ ደህና ነኝ» እያለች ታሳልፈዋለች? የእኔን ጤና ከጠየቁ፣ ደህና ብቻ አይደለሁም፤ ዛሬስ ደስታ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል። ይህን የሚያነብልዎት ታናሼ ነውና ቶሎ ቶሎ እንዳይል ይቆጡልኝ። አንተም ወንድሜ፣ «ይቺን እንዝለላት» እንዳትል፤ አውቅሃለሁ።

መጀመሪያ የደበቅኩዎትን ልናገርና ይቅርታ ልጠይቅ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሰው አገር በአረጋውያኑ መኖሪያ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ስሠራ እንፋሎቱና ኬሚካሉ ደረቴን ጎድቶት ኖሯል። አምና ሐኪሟ ጀርባዬን አዳምጣ «ከዚያ ክፍል ካልወጣሽ ሳንባሽ አይመለስም» አለችኝ። ብነግርዎት እንቅልፍ እንደማይወስድዎት ስለማውቅ ዝም አልኩ። ወደ ሥራ አስኪያጇ ሄጄ «እባክዎ ወደ አትክልት ክፍሉ ያዛውሩኝ» አልኳት። እኛ እሷን «ማኅተም» ነው የምንላት፤ ያለ ማኅተም መርፌ እንኳ ከግቢ አታስወጣም። «የአትክልት ትምህርት ወረቀት አለሽ?» ስትለኝ «አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ» ብዬ ኮራሁ። «እሱንማ እኔም ጨርሻለሁ» ብላኝ አረፈች።

ከዚያ በመስኮቱ አሻግራ ሦስቱን የድንጋይ ገንዳዎች አሳየችኝ። ድሮ አንሶላ ይዘፈዘፍባቸው የነበሩ ናቸው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱት አረጋውያን ሳይጎነበሱ እንዲያዩአቸው ተብሎ የተራራ አበቦች ተተክለውባቸዋል፤ ግን በየዓመቱ ይሞታሉ። «ገንዳዎቹን ላስነሳቸው ወስኛለሁ። እስከ ግንቦት መጨረሻ አበቦቹን አድነሽ እንዲያብቡ ካደረግሽ ግን ስለ ዝውውሩ እንነጋገራለን» አለችኝ። የሳንባዬ ነገር በአበባ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው!

አባባ፣ የተክሏ ስም ሳክሲፍሬጅ ነው። ለአፍ አይመችም፤ ትርጉሙ ድንጋይ ሰባሪ ነው ስላሉኝ እኔም ድንጋይ ሰባሪት እላታለሁ። ከፍ ካለ ተራራ ላይ፣ ከዓለት ስንጥቅ ውስጥ ነው የምትበቅለው። አንዳንዷ የካፖርት ቁልፍ፣ ትልቋ ደግሞ የሻይ ሳህን ታክላለች፤ ቅጠሎቿ ክብ ሠርተው እርስ በርስ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ጠርዛቸው ላይ ዶቃ የተሰፋባቸው ይመስል ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አለ።

ጉዴ የጀመረው ከዚያ ነጭ ነገር ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተጣላሁት ከእሱ ጋር አይደል? ውሃው ማሽኑ ላይ የሚጋግረው ነጭ ኖራ ማለቴ ነው። ሳየው «ለካ በሽታቸው ይሄ ነው!» አልኩ። በእረፍት ቀኔ ለብ ባለ ውሃ ሆምጣጤ በጥብጬ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዤ፣ ቅጠል በቅጠል ፈተግኳቸው። ሲመሽብኝ ጥጉ ላይ ያለችው ትልቋ ብቻ ቀረችኝ። ሌሎቹ እንደ ሰላጣ አረንጓዴ ሆኑ። በማግስቱ አትክልተኛውን፣ ጋሽ ቀስ በይን፣ ጎትቼ አመጣሁት። ስሙን ያገኘው ሁሉን ሰው «ቀስ በይ፣ ቀስ በል» ስለሚል ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ወራት ቀርተውታል። አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው። «ምነው ልጄ፣ ጌጣቸውን ገፈሽ እርቃናቸውን አቆምሻቸው! ኖራው እኮ ከገዛ ራሳቸው የሚወጣ ላባቸው ነው!» አለኝ። ልብስ የምትተኩሰው ባልደረባዬ ስትሰማ ሳቋ ጠንቶባት የትራስ ልብስ አቃጠለች። «ነገ ደግሞ የጽጌረዳዋን እሾህ ንቀዪላት» አለች፣ ምላሷን እግዜር ይይላትና። በሳምንቱ ግማሾቹ ሞቱ። አንሶላ ክፍል ተደብቄ አለቀስኩ።

የሞቱትን ልነቅል ስቆፍር ግን አፈሩ እንደ ሊጥ ተጣበቀብኝ፤ ክረምቱን ሙሉ የተዘፈዘፈ ጨርቅ ይሸታል። ያን ጊዜ እርስዎ ትዝ አሉኝ። የጎረቤቱን ገደል ደጋፊ ግንብ ሲሠሩ፣ ከሥሩ ቀዳዳ እየተዉ «ግንብ የሚጥለው አፈር አይደለም፣ መውጫ ያጣ ውሃ ነው» ያሉኝ። እጄን እስከ ብብቴ ሰድጄ ወለሉን ዳበስኩ። ቀዳዳው በሲሚንቶ ተደፍኗል! ለካ ያኔ አንሶላ ሲዘፈዘፍ ውሃው እንዳይፈስ ደፍነውት፣ አፈር ሞልተውበት፣ ጋሽ ቀስ በይም ሲመጣ ሞልቶ ነው የጠበቀው። ያ ሁሉ አበባ በየዓመቱ ቆሞ ይሰጥም ነበር።

መሮና መዶሻ ተውሼ፣ እርስዎ እንዳሳዩኝ መሮውን እያዞርኩ፣ ትንሽ ትንሽ ቆረቆርኩ። ገንዳው ቢሰነጠቅ አለቀልኝ። «ድንጋይ የሚሰነጥቀው ጉልበት ሳይሆን ንዴት ነው» የሚሉት ጆሮዬ ላይ ነበር። ሦስተኛው ገንዳ ሲበሳ የስንት ዓመት ጥቁር ውሃ ጫማዬ ላይ ተዘረገፈ። እንዲያ ያለ ግም ውሃ ሰው እንዲህ ወዶ አያውቅም! ጩኸቴን ሰምተው የማጠቢያው ሴቶች ተቃጠለች ብለው ወጡ።

ከዚያማ የእርስዎ ሥራ ነው። ከታች የሸክላ ስብርባሪ፣ በላዩ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ ከጥቂት አፈር ጋር። ጠፍጣፋ ድንጋዮች በጠርዛቸው አቁሜ፣ እንደ ካብ አጠጋግቼ፣ የተረፉትን ተክሎች በስንጥቁ መሃል በጣቴ ሰካኋቸው። በረዶው ሲመጣ አሳዝነውኝ ብርድ ልብስ ይዤ ስሮጥ ጋሽ ቀስ በይ ያዘኝ። «ብርዱን ተዪላቸው፣ አሳዳጊያቸው ነው። ጠላታቸው እርጥበት ነው» አለ። አሮጌ የመስኮት መስታወት በጡብ ላይ አሳርፌ ዝናቡን ብቻ ከለከልኩላቸው፤ ጎኑን ለነፋስ ክፍት ተውኩት። ወራት አለፉ፣ ምንም የለም። ባልደረባዬ በየጠዋቱ «የድንጋይ እርሻሽ እንዴት ነው? አጨድሽ?» ትለኛለች። ማኅተም በመስኮቷ ታያለች። ነጩ ጌጣቸው ግን ቀስ እያለ ተመልሶ ወጣ።

ግንቦት ሲገባ ቁልፍ የሚያክሉት ሮዝና ቢጫ ሆኑ። ብሩሼ ያልደረሰባት ትልቋ ግን፣ አባባ! መሃሏ አበጠ፣ ተነሣች፣ ክንድ የሚያህል ዘለላ አውጥታ ከገንዳው ጠርዝ ላይ ዘንበል አለች፤ ሙሉ ነጭ አበባ፣ ቀይ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለባት። ግቢው በተሽከርካሪ ወንበር ተጨናነቀ። አንዲት የቀድሞ ልብስ ሰፊ ቆጥራ «ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ናቸው» አለች። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ደግሞ «ሦስት መቶ ዘጠኝ! አንቺ እንቡጡን ሁሉ ቆጠርሽ» ብሏት ተጣሉ። ማኅተም ስትመጣ መንገድ የለቀቀላት ሰው አልነበረም፤ ከወንበሮቹ ኋላ ቆማ አንገቷን እያሰገገች ነው ያየችው። ሹፌሩ «እነዚህን ገንዳዎች ማን ሊያነሳ ነው? መጀመሪያ እኔን ያንሳኝ!» አላት።

«ይህን የት ተማርሽ?» አለችኝ። «ከአባቴ፤ ግንበኛ ነው» አልኳት። «እና ወረቀት ሰጠሽ?» «አልሰጠኝም፤ ግንቡ ግን አርባ ዓመት ቆሟል፣ ሄዶ ማየት ይቻላል» አልኳት። አባባ፣ ያቺ ሴት ሳቀች! በማግስቱ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ደረሰኝ፤ ከመጪው ወር መጀመሪያ ጀምሮ የአትክልት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ጋሽ ቀስ በይ እንደነገረኝ ትልቋ ከአበበች በኋላ ትሞታለች፤ የምታብበው በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ትንሽ ከፋኝ፤ ግን ዘሯ ሲደርስ የምለቅምበትን የወረቀት ከረጢት አዘጋጅቻለሁ። አዳዲስ ገንዳዎችም ታዝዘዋል፤ ከመሙላቴ በፊት የእያንዳንዱን ወለል በእጄ እዳብሳለሁ።

የእማማን ጉልበት ይሳሙልኝ። ለታናሼ፣ ሳይዘል አንብቦ ከሆነ፣ ብዙ ሰላምታ። ለሚስቱ ሹራቡ ልኬ ነው ይበሏት። ጥርሷ ለወለቀው ቀበጥ ልጃቸው ደግሞ ሁለቱን ጉንጮቿን። ለእርስዎ፣ እጅዎን አገላብጬ እስማለሁ፤ እነዚያ እጆች በማያውቁት ግቢ ሦስት ገንዳ በስተው ልጅዎን አየር ወዳለበት አውጥተዋታል።

አክባሪ ልጅዎ፣ አትክልተኛዋ
ከገንዳዎቹ አጠገብ፣ ደጅ ተቀምጬ
ግንቦት ፳፰ ቀን