በማይ ተመናይ ግቢያቸው ጀልባ ያደሱት የአቶ ፍቅረየሱስ አስመላሽ የሕይወት ታሪክ

አቶ ፍቅረየሱስ አስመላሽ ከአባታቸው ከአቶ አስመላሽ ጋሻው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለምለም ደጉ ጥቅምት 3 ቀን 1929 ዓ.ም. በአስመራ ከተማ፣ ገጀረት ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ጣቢያ አናጢ ነበሩ። እናታቸው ከጎንደር ለንግድ ከመጡ ቤተሰብ ስለሆኑ በቤት ውስጥ ትግርኛውም አማርኛውም እኩል ይነገር ነበር። አቶ ፍቅረየሱስ በልጅነታቸው ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ከደገሙ በኋላ የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው አናጢነት ተምረዋል።

በ1948 ዓ.ም. ወደ ምፅዋ ወርደው በአንድ የጀልባ ጥገና ወርክሾፕ ተቀጠሩ። አለቃቸውን ሁሉም በአክብሮት አቦይ አስመሮም ይሏቸው ነበር። የእንጨት ጀልባ ቀርቶ ፋይበርግላስ ሲመጣ፣ የመስታወት ክር ጨርቅን ሬዚን በሚባል ሙጫ እያራሰ በመደራረብ የተሰበረን ጀልባ እንደ አዲስ የሚያደርገውን ይህን ሥራ ከአቶ ፍቅረየሱስ ጋር የተማሩት ባልደረባቸው አቶ መልአኩ ናቸው። ሁለቱ ለሃያ አምስት ዓመት ያህል በአንድ ጣሪያ ሥር ሠርተዋል፤ በሐሩር ጊዜም ከአንድ እንስራ ጠጥተዋል። የአቶ መልአኩ አባት ከጎጃም የመጡ መሆናቸውን በዚያ ዘመን የሚያነሳ አልነበረም።

በ1957 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰሎሜ ጋር በተክሊል ጋብቻ መሥርተው ሩፋኤልን፣ ፋናን እና ሰብለን ወልደዋል። የካቲት 1982 ዓ.ም. በምፅዋው ጦርነት ወርክሾፑ ፈረሰ፤ አቶ ፍቅረየሱስም የያዙትን የመሣሪያ ሣጥን ብቻ ተሸክመው አስመራ፣ ማይ ተመናይ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታቸው ተመለሱ። አቶ መልአኩ ደግሞ እዚያው አስመራ፣ ዓኽርያ ሰፈር ላይ የማኪና አካል የሚጠግኑባት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ሁለቱም በየወሩ በአሥራ ሁለት ቀን የሚጠጣው የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር አባላት ነበሩ።

ነፃነት በመጣ በስድስተኛው ወር፣ ኅዳር 1984 ዓ.ም. አንዲት ሰባት ሜትር የሆነች የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ በጭነት ማኪና ተጭና ማይ ተመናይ ደረሰች። የአቦይ አስመሮም ናት። ጎኗ በቦምብ ፍንጣሪ ተበስቶ፣ የኋላ ግድግዳዋ ተሰንጥቆ ነበር። ምፅዋ ላይ በዚያን ጊዜ የቆመ ጣሪያም መብራትም ስላልነበረ፣ አቶ ፍቅረየሱስ ለቀድሞ አለቃቸው በግቢያቸው ሊያድሱላቸው ተስማሙ። እንድትገባ የአጥሩ አንድ ወገን ፈረሰ።

ሰፈሩ ግን ይህን አላመነም። ብዙዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ የሄዱበት ወቅት ነበርና፣ ከባሕር መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ጀልባ የሚሠራ ሰው ያለ ምክንያት አይሠራም ተባለ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ በአጥሩ ቀዳዳ እያዩ «ወይ ሰውየው ሊሄድ ነው፣ ወይ ባሕሩ ሊመጣ ነው» ብለው የተናገሩት እስከ ፌርማታው ድረስ ተዳረሰ። ከምምሕዳር፣ ማለትም ከሰፈሩ አስተዳደር፣ የመጡ ሁለት ሰዎችም ጀልባዋን ዞረው ካዩ በኋላ «አባት፣ ወዴት አስበው ነው?» ብለው ጠየቋቸው። አቶ ፍቅረየሱስ «መሄድ ብፈልግ አውቶቡስ አለልኝ» ብለው መለሱ። ሰዎቹ ሳቁ፤ ስማቸውን ግን ጽፈው ሄዱ። አቶ ፍቅረየሱስ ከዚያን ቀን ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጡ እንደነበር ለባለቤታቸው ነግረዋል።

ሬዚኑን ያገኙት ከአቶ መልአኩ ነው። አቶ መልአኩ ከምፅዋ ካዳኑት በርሜል ግማሹን ቀድተው ሰጧቸው። በታኅሣሥ መጀመሪያ አቶ ፍቅረየሱስ በቤቱ ጥላ ሥር የጀልባዋን ጎን ሦስት ድርብ ጨርቅ አለበሱ። ሬዚኑን የሚያጠነክረውን ማድረቂያ እንደ ልማዳቸው በቆርኪ ለክተው ነበር የቀላቀሉት። በማግሥቱ በጣታቸው ሲነኩት ይጣበቃል። በሳምንቱም ይጣበቃል። በሁለተኛው ሳምንት የዶሮ ላባና የባሕር ዛፍ ቅጠል ለብሶ ተገኘ። ፍቀው አወጡና እንደገና ሠሩት፤ ያው ሆነ።

በሠላሳ ዓመት ሥራቸው ሬዚን እምቢ ብሏቸው አያውቅም። ስለዚህ እጃቸውን ሳይሆን በርሜሉን ጠረጠሩ። ከበርሜሉ ወደ ሰውየው ለመሻገር ብዙ አልፈጀባቸውም። በዚያው ሰሞን አቶ መልአኩ ቁም ሣጥንና አልጋ በጋሪ ሲያስጭኑ መታየታቸው ይወራ ነበር። ወደ ጠባብ ቤት መዛወራቸው ነው፤ ይህን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። አቶ ፍቅረየሱስ በራሳቸው ላይ ሲወራ የሰሙትን ወሬ፣ በጓደኛቸው ላይ ሲወራ አመኑት።

ጥር 12 ቀን 1984 ዓ.ም. ማኅበሩ ተሰብስቦ ነበር። አቶ መልአኩ ጽዋውን ተጎንጭተው እንደ ሥርዓቱ አጠገባቸው ለተቀመጡት ለአቶ ፍቅረየሱስ ዘረጉ። አቶ ፍቅረየሱስ እጃቸውን ሰበሰቡ። ካህኑ «ምነው ልጄ?» ቢሏቸው «ሬዚን ከሌላ ነገር ጋር የሚቀላቅል እጅ ጽዋ ሊያቀብለኝ አይገባም። ደህናውን ሸጦ ሊሄድበት ነው» አሉ።

አቶ መልአኩ በቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው በየተራ ተመለከቱ። «የት ነው የምሄደው?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰላቸውም። ጽዋውን ካህኑ ፊት አስቀምጠው ወጡ፤ ወደ ማኅበሩም አልተመለሱም። ከዚያ በኋላ ዓኽርያ ወደ ሱቃቸው ማኪና የሚያመጣ ሰው አነሰ። «መቼ ነው የምትሄደው?» ብለው የሚጠይቋቸው ሰዎች ግን በዙ። እርሳቸው የትም አልሄዱም።

በግንቦት ወር አቶ ፍቅረየሱስ ከተረፋቸው ሬዚን አንድ ጠርሙስ ቀድተው ማስረጃ ይሆነኛል ብለው ከነማድረቂያው ወደ ምፅዋ ወረዱ። አቦይ አስመሮም በወደቡ ዳር በተወጠረ ሸራ ሥር ተቀበሏቸው። «በል እንደ ልማድህ ቀላቅለህ አሳየኝ» አሏቸው። በቆርኪ ለኩ፣ በጣሳ በጠበጡ፣ ሻሂ ቀረበ። ሻሂው ሳያልቅ ብሩሹ ጣሳው ውስጥ እንደ ምስማር ቆሞ ቀረ፤ ጣሳውም እጅ ያቃጥል ነበር።

አቦይ አስመሮም ጣሳውን አገላብጠው አዩና በአባታቸው ስም ጠርተው «ወዲ አስመላሽ፣ እዚህ ስንሠራ እኮ ግማሹን ሥራ ፀሐይዋ ትሠራልን ነበር። በታኅሣሥ፣ አስመራ ላይ፣ በጥላ ሥር ማን ሊሠራልህ አስበህ ነው?» አሏቸው።

ሬዚኑ ንጹሕ ነበር። ለምፅዋ ሐሩር የለመዱት የማድረቂያ ልክ ለአስመራ ብርድ አንሶ ነው። አቶ ፍቅረየሱስ ሽቅብ በተመለሱበት አውቶቡስ ውስጥ ጠርሙሱን እግራቸው ሥር አድርገው አስመራ ገቡ።

ያወቁትን የነገሩት ለወይዘሮ ሰሎሜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጀልባዋን በደንብ ሠሯት። ጀልባዋን ወደ ፀሐይ አዞሩ፤ ማድረቂያውን ጨመሩ፤ ላስቲክ አልብሰው በውስጧ የፈላ ውኃ የተሞሉ ጀሪካኖች ደረደሩ። እሳት እንዲቀርባት አልፈቀዱም፤ ሬዚን እሳት ይወዳልና። ውኃው እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ በየሁለት ሰዓቱ ይቀየር ነበር። ወይዘሮ ሰሎሜ ድስቱን እያቀበሉ «ለእርሷ ይህን ሁሉ ውኃ ከምታፈላ፣ ዓኽርያ ድረስ አንድ አውቶቡስ ብትሳፈር ምን አለ?» ይሏቸው ነበር። «በሚቀጥለው ወር፣ በአሥራ ሁለት፣ በማኅበሩ ፊት እናገረዋለሁ» ይሉ ነበር። አሥራ ሁለት ሲደርስ ማኅበሩ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ጽዋው ይደርሳቸዋል፣ ይጠጣሉ፣ ዝም ብለው ይመለሳሉ። በሰው ላይ የተናገሩትን መመለስ ከጀልባዋ ይልቅ እንደከበዳቸው ራሳቸው ተናግረዋል።

ጀልባዋ ጥር 1986 ዓ.ም. ተጭና ወደ ምፅዋ ወረደች፤ እስካሁንም አቦይ አስመሮም ያጠምዱባታል። ወይዘሮ አልማዝ አጥሩ ሲታጠር ቆመው እያዩ «ባሕሩም አልመጣ፣ ሰውየውም አልሄደ» አሉ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ለቤቱ ወዳጅ ሆነዋል፤ በአቶ ፍቅረየሱስ የሕመም ወራትም ከደጃችን አልጠፉም፤ የቐንየልና፣ እናመሰግናለን እንላቸዋለን።

አቶ ፍቅረየሱስ በ1988 ዓ.ም. የሳንባ ሕመም ጀመራቸው። ጥቅምት 12 ቀን 1989 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ድግስ በቤታቸው እንዲሆን ለምነው ጽዋውን ተረከቡ። በሁለተኛው ቀን በከዘራ ተደግፈው ዓኽርያ ሄዱ። አቶ መልአኩ በሱቃቸው በር ላይ ቆመው ሰሟቸው። ሁሉንም ነገሯቸው፤ ቆርኪውን፣ ጣሳውን፣ ዓመታቱን።

አቶ መልአኩ «ሬዚኑ ደህና እንደነበረ እኔ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ይቅርታህን ለብቻዬ በር ላይ አታምጣው። የተናገርከው በማኅበር ፊት ነው» አሏቸው።

«ለኅዳር ሚካኤል ቤቴ ና። በሁሉም ፊት እናገረዋለሁ።»

«ስንት አሥራ ሁለት አለፈ፣ ፍቅረየሱስ? አፍህ ያን ቀንም እንዳይያዝ እፈራለሁ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እመጣለሁም አልመጣምም አላሉም።

አቶ ፍቅረየሱስ ከዚያ እንደተመለሱ ሕመሙ ጠናባቸው። ሆስፒታል ገብተው ቀኑ እንደማይጠብቃቸው ሲያውቁ ልጃቸውን ፋናን አስቀምጠው ይህን ሁሉ አጻፏት። በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ሌላው ቢቀር ይህ እንዳይቀር፣ ለስለስ ተደርጎም እንዳይጻፍ አዘዙ። የመጨረሻው ቃላቸው እንዲህ የሚል ነው፦ «መልአኩ አልቀላቀለም። መልአኩ አልሰረቀም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ያወቅሁትም ከምፅዋ በተመለስኩበት ቀን ነው። በዚያ ቤት የነበራችሁ፣ የት ነው የምሄደው ሲላችሁ ዝም ያላችሁ፣ ዛሬ መልሱለት።»

አቶ ፍቅረየሱስ አስመላሽ ኅዳር 6 ቀን 1989 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሰሎሜን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

የኅዳር ሚካኤል ማኅበር እንደተናዘዙት ኅዳር 12 ቀን በቤታቸው ይጠጣል። ጽዋው በጠረጴዛው ላይ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ያን ቀን ሽፋኑን ገልጠው ቀድመው እንዲጠጡና ለሌላው እንዲያቀብሉ አባታችን የለመኑት አቶ መልአኩን ነው። ወደ ዓኽርያ መልእክት ልከናል፤ ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ እስኪሄድ ድረስ መልስ አልደረሰንም። አቶ መልአኩ በዚህ ሕዝብ መካከል ካሉ፣ ወይዘሮ ሰሎሜ ከአስከሬኑ ራስጌ አጠገብ ቦታ ይዘውላቸዋል።

ጌታ ዘግይቶ የመጣውን የማይመልስ ነውና የአባታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶች ጋር ያሳርፍልን፤ ቅዱስ ሚካኤልም ተቀብሎ ያሻግራቸው። አሜን።