የበቅሎ ነጂው ድርሻ

ይድረስ ለእታለሜ ለየትናየት ተክለ ማርያም፣ ዐረብ አገር፣ አማን ከተማ።

እንደምን አለሽልኝ? ያ ደረጃ ስትወጪ የሚነዝርሽ ጉልበትሽ ተወሽ ወይ? ምግቡስ ይስማማሻል? አብራሽ የምትሠራው ፀጋስ ሳሏ ለቀቃት? እኛን ከጠየቅሽ ከናፍቆትሽ ሌላ ሕመም የለብንም፤ የድንግል ማርያም ልጅ ክብር ምስጋና ይግባው። አባባ ዛሬም ወጣቶቹን ደብተራዎች አስንቀው ማኅሌት ይቆማሉ። እማዬ ደረስጌ ማርያም ተሳልማ ከተመለሰች ሳምንቷ ነው። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ውርጭ ካልቀደመን ዘንድሮ ጎተራው ይሞላል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፈሽ ትይኝ ይሆናል። በስልክ የደበቅኩሽ ነገር አለ፤ አሁን ስለተሻለ ልናዘዝልሽ ነው። አስቀድሜ አትደንግጪ ልበልሽ። ወንድማችን አሻግሬ ደህና ነው፤ ይኸን ስጽፍ እንኳ ከጎኔ ቁጭ ብሎ ብዕሬን ሊቀማኝ ይታገለኛል።

ቱሪስቱ ሲጠፋ አሻግሬ እንግዳ የሚያጓጉዝባቸውን ሁለቱን በቅሎዎች መሸጡን ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አልነገርኩሽም። ያ ሰፈሩን በሳቅ ሲያተራምስ የኖረ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውል ጀመር። እማዬ ጠበል ወሰደችው፤ ሄዶ ተጠመቀ፣ ተመልሶ ተኛ። አንቺ በደወልሽ ቁጥር «አሻግሬን አደራ» ስትይኝ «ደህና ነው» እያልኩ እዋሽሽ ነበር።

ያኔ ነው ደርቤ ጨዋታውን ያመጣው። ደርቤ የጎረቤታችን ልጅ፣ ቡይት ራስ ሎጅ አስተናጋጅ የሆነው ነው። ዝናብ ያገታቸው እንግዶች አስተምረውት፣ ሲሄዱ የመጫወቻ ጠጠሮቹን ከረጢት ትተውለት ሄዱ። አንድ ሰው ይተርካል፤ የቀሩት በታሪኩ ውስጥ የየራሳቸውን ሰው ይዘው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። ይሳካ አይሳካ የምትወስነው ሃያ ፊት ያላት፣ ቁጥር የተጻፈባት ጠጠር ናት። ከፍ ያለ ቁጥር ከመጣ ሆነልሽ፤ ዝቅ ካለ ጉድሽ ፈላ። የእንግዶቹ ታሪክ ስለ ዘንዶ ነው አሉ፤ እኔ ምን ዘንዶ አውቅና! ከቆላ ጨው ጭነው፣ ሊማሊሞን ወጥተው፣ ደባርቅ ገበያ የሚገቡ የጥንት ሲራራ ነጋዴዎችን ጉዞ አደረግኩት። ሕጉንም ራሴ በደብተር ጻፍኩ። ደርቤ ነጋዴው፣ ዲያቆን ሰይፈ ሥላሴ የቅኔ ተማሪው፣ አሻግሬ በቅሎ ነጂው ሆኑ። መጀመሪያ እጁን ጎትቼ ነው ያመጣሁት። በሁለተኛው እሑድ ግን ቀድሞን ተገኘ። ሳቀ! እማዬ ከጓዳ ሰምታ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ከዚያ እኔ አበላሸሁት። ለተማሪው ጸሎት ሰጠሁት፤ ለጸሎቱ ግን ጠጠር አይጣልም አልኩ። የመሪጌታ ልጅ ሆኜ «ጸሎቱ ሳይሰማ ቀረ» ብዬ በዚህ እጄ ልጻፍ? ሰይፈ ሥላሴም ነገሩ ሲገባው፣ ምን አለፋሽ፣ ወንዝ ሲሞላ «እጸልያለሁ»፣ ሽፍታ ሲመጣ «እጸልያለሁ»፣ የጭነት ገመድ ሲላላ እንኳ «እጸልያለሁ»! ወንዙ ይጎድላል፣ ሽፍታውን እንቅልፍ ይጥለዋል፣ እኛ አሜን እንላለን። አሻግሬ ሦስት እሑድ ሙሉ ጠጠሯን በእጁ አልነካም። በሦስተኛው ተነሣና «ገመድ ይዞ መቆሙን በእውኑም ጠግቤዋለሁ» ብሎ ወጣ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ከሳምንት በኋላ በጅቡቲ በኩል ባሕር ከሚያሻግር ደላላ ጋር በስልክ ሲነጋገር ሰማሁት። ለአባባም ለእማዬም ሳልናገር ብቻዬን ተቃጠልኩ።

ልመልሰው ያልሞከርኩት የለም። የሒሳብ መምህርት አይደለሁ? ለሁሉም እኩል ሃያ ሃያ የጉልበትና የችሎታ ነጥብ አካፈልኩ። ነጋዴውም ተማሪውም በቅሎ ነጂውም አንድ ዓይነት ሰው ሆነው አረፉት። ደርቤ «ይኸ ጨዋታ ነው ወይስ የስንዴ እደላ?» ብሎ አሾፈብኝ፤ ሰይፈ ሥላሴ አዛጋ። ቀጥዬ ለበቅሎ ነጂው ጠመንጃና የአንበሳ ጉልበት ጨምሬ አሻግሬን ጠራሁት። «አዘንሽልኝ ማለት ነው?» አለኝና በሩን ዘጋብኝ።

አንድ ቀን አባባ ደብተሬን አገኙት። ስለ ጠጠሯ ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «ሐዋርያው ማትያስም በዕጣ ነው የገባ» አሉና ማንበብ ጀመሩ። ተማሪው ላይ ሲደርሱ ሳቅ አፈናቸው። «ምነው ልጄ፣ ይኸ ተማሪ ሳይጾም ሳይሰግድ ነው እንዴ ፈጣሪን እንደ ሎሌ የሚያዝዘው? ሱባዔ አይገባም? ሱባዔ ሲገባስ ውኃውን ማን ይቀዳለታል? ጓዙን ማን ይጠብቅለታል?» አሉኝ። ወዲያው ሕጉን ለወጥኩት። መጸለይ የፈለገ ተማሪ ሰባት ዙር ሱባዔ ይገባል፤ አይሄድም፣ አይሸከምም፣ አይናገርም። ጸሎቱ ይሰማል፤ እስከዚያ ድረስ ግን እሱንም ጭነቱንም ገደል አፋፍ ላይ ጠብቆ የሚያቆየው በቅሎ ነጂው ነው።

ታዲያ በቅሎ ነጂው በሰባቱ ዙር ምን ያደርጋል? ብዕሬን ይዤ ቀረሁ። አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ። አፈርኩ፣ እታለሜ። የአባባን ሥራ እያየሁ ስላደግኩ ለተማሪው ያን ሁሉ ኃይል ሰጠሁት። ወንድሜ ስምንት ዓመት በቅሎ ሲነዳ ግን ሥራህ እንዴት ነው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ሲገባ «እግርህን ታጠብ» ነው የምለው።

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ የመሰለኝን ሞነጫጭሬ ወሰድኩለት። አነበበና «ይኸን የጻፈ ሰው በቅሎ አይቶ ያውቃል?» ብሎ ተቆጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲቆጣ ስሰማው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! «በጭጋግ በቅሎ አትጎተትም። ገመዱን ለቀሽ ጅራቷን ትይዣለሽ፤ መንገዱን እሷ ታየዋለች። ቁልቁለት ላይ ጭነት ካጋደለ መጀመሪያ የሚፈታው በገደሉ በኩል ያለው ነው። ላብ ያላት በቅሎ ቀዝቃዛ ውኃ አይሰጣትም» እያለ ሲያርመኝ ዋለ። አሥራ አንድ ገጽ ሞላን። አንዱንም አላውቀውም ነበር።

ባለፈው እሑድ በአዲሱ ሕግ ተጫወትን። ሊማሊሞ ወገብ ላይ ጭጋግ ወረደ፤ ሰይፈ ሥላሴ ሱባዔ ገብቶ አፉን ዘጋ። በአምስተኛው ዙር መሪዋ በቅሎ ተንሸራተተች። አሻግሬ ቆሞ፣ እጁ በእውነት መጫኛ የያዘ ይመስል፣ ምን እንደሚያደርግ አንድ በአንድ ተናገረና ጠጠሯን ጣለ። ሦስት! ሥራውን እንዲያ አሳምሮ ለተናገረ በአዲሱ ሕግ ሦስት ለጥቂት ታሳልፋለች፤ ከዚያ በታች ቢሆን በቅሎዋም ተማሪውም ገደል ነበሩ። ጨዉ ግን ሄደ። ደርቤ ራሱን ይዞ «ጨዌን!» ብሎ ጮኸ፤ አሻግሬ «ጨው ይሂድ፣ ነፍስ ይዣለሁ» ብሎ መለሰለት። ሰይፈ ሥላሴ እንኳ ሱባዔውን ረስቶ «እሰይ!» ብሎ አጨበጨበ፤ በሕጉ መሠረት ሱባዔውን እንደገና ከአንድ አስጀመርኩት።

ማክሰኞ ደላላው ሲደውል አጠገቡ ነበርኩ። «አልመጣም፣ ሥራ ይዣለሁ» አለው። ሥራ ያለው እውነቱን ነው፤ ሎጁ በደርቤ በኩል ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዶችን ይኸንኑ ጨዋታ እንዲያጫውት ጠይቆታል። እንግዳው ገና ጥቂት ነው፤ ለዘለዓለም ሐሳቡን ትቷል ብዬም አልምልልሽም። ግን ጠዋት ጠዋት ተነሥቶ ፊቱን ይታጠባል፣ ከእማዬ ጋር ይቀላለዳል፣ ከእኔ ጋር ይጣላል።

አሁን ለሲራራው አንዲት ሴት ልንጨምር ነው፤ አገሯን ለቃ በሰው ቤት የምትሠራ። አሻግሬ «ጉልበቷን ስንት እንበለው? ምን ታውቃለች?» አለኝ፤ እኔም እሱም አናውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ «ደህና ነሽ?» እንልሻለን፣ «ደህና ነኝ» ትይናለሽ፣ በቃ። በስንት ሰዓት ትነሻለሽ? ማዳምሽ በስምሽ ትጠራሻለች? ስትታመሚ ማን ሻይ ያፈላልሻል? አፈር ስሆን፣ እንዳይከፋቸው ብለሽ አንዲት ነገር አታስቀሪ።

አባባ «በጸሎቴ አልረሳትም በያት» ብለዋል። እማዬ ሁለቱን ጉንጭሽን ትስማለች፤ በርበሬውን በደርቤ እህት እጅ ልካልሻለች፣ ይኸም ደብዳቤ ከዚያው ጋር ነው። ደርቤና ሰይፈ ሥላሴ እጅ ይነሣሉ። ለፀጋ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። አሻግሬ ደግሞ «ወረቀት የለኝም እንዳትል» ብሎ አሥር ባዶ ወረቀት ከፖስታው ውስጥ ከቷል።

ናፋቂ እህትሽ እስከዳር ተክለ ማርያም
ደባርቅ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.